ስለ እንቅልፍ ማጣትና በኢንተርኔት ስለሚሰጠው አጭር ሕክምና

በመጽሐፈ አስቴር ታሪኩ የተጻፈው የፋርስ ንጉሥ፣ ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ 127 አገሮችን የሚገዛና ቃሉ በመኳንንትና በሠራዊት ዘንድ ሕግ የሆነለት ሰው ሆኖ ሳለ፣ አንዲት ሌሊት እንቅልፍ ቢርቀው ይመጣለት ዘንድ ሊያዝዘው አልቻለም፤ የዘመኑን የታሪክ መጽሐፍ እያስነበበ ከማዳመጥ በቀር ሌላ መላ አላገኘም። እንቅልፍ በትእዛዝ እንደማይመጣ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በሥርዓት ግን ሊመለስ እንደሚችል ያስተማረን የዘመናችን ጥበበ ሕክምና ነው። ይህ ትምህርት በቋንቋችን ተዘጋጅቶ በስልክና በኢንተርኔት ለሕዝባችን ይደርስ ዘንድ ለማሳሰብ ይህን እጽፋለሁ።

በኀዘን ወይም በሐሳብ ምክንያት ጥቂት ሌሊት እንቅልፍ ማጣት የሰው ሁሉ ዕጣ ነው፤ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሌሊት፣ ለሦስት ወርና ከዚያም በላይ ሲሰነብትና ቀኑን በድካምና በዝንጋታ ሲያስውል ግን ሐኪሞች ሥር የሰደደ የእንቅልፍ እጦት ይሉታል። እንዲህ ያለው ሕሙም አስቀድሞ የሚሻው ኪኒን ነው። ኪኒን በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ ሲወሰድ መጥቀሙን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን ሰውነት እየለመደው ኃይሉ ሊቀንስ፣ ሲተዉትም እንቅልፉ ይብሱን ሊሸሽ፣ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችንም ለመውደቅና ለስብራት ሊያጋልጥ ይችላል። ዞልፒደም የተባለው የእንቅልፍ ኪኒንና መሰሎቹ አንዳንዶችን በእንቅልፍ ልባቸው አስነሥተው መኪና እስከ ማስነዳት ስላደረሱ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2019 እጅግ ጽኑ የሆነው ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አዝዟል። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ ሥር የሰደደ የእንቅልፍ እጦት ያለበት አዋቂ ሁሉ ከመድኃኒት በፊት የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና እንዲሰጠው መክሯል።

የዚህ ሕክምና መሠረቱ ቀላል፣ አፈጻጸሙ ግን ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነው። ሪቻርድ ቡትዚን እ.ኤ.አ. በ1972 እንዳስተማረው፣ በአልጋ ላይ እየተገላበጠ የሚያነጋ ሰው አልጋውን ከንቃትና ከጭንቀት ጋር ያቆራኘዋል፤ ስለዚህ እንቅልፍ ሲመጣበት ብቻ እንዲጋደም፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለው እንዲነሣ፣ ጠዋትም ዘወትር በተመሳሳይ ሰዓት ከአልጋው እንዲወርድ ይታዘዛል። አርተር ስፒልማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ያቀረቡት ደግሞ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ተጋድሞ አምስት ሰዓት ተኩል ብቻ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው፣ በአልጋ የሚቆይበት ጊዜ ወደዚያው አምስት ሰዓት ተኩል ያጥርበትና፣ ከተጋደመበት ጊዜ 90 ከመቶው ያህል በእንቅልፍ ማለፍ ሲጀምር ጥቂት በጥቂት ይጨመርለታል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳሉ፤ ዳሩ ግን የተበታተነው እንቅልፍ የሚሰበሰበው በዚሁ መንገድ ነው። ከዚህም ጋር «ዛሬ ካልተኛሁ ነገ ጠፋሁ» የሚለው ሐሳብ በኅሊና ፊት ቀርቦ ይመረመራል።

ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ በስድስት ክፍል የሚያልቅና ሥርዓቱ የተወሰነ ስለሆነ ያለ ሐኪም ቤት ደጅ ጥናት ሊሰጥ ይችላል። የኦክስፎርዱ ፕሮፌሰር ኮሊን ኤስፒ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ የሆነበትን ስሊፒዮ የተባለውን የኢንተርኔት ሕክምና፣ የእንግሊዝ መንግሥት የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ከእንቅልፍ ኪኒን ይልቅ እንዲሰጥ ደግፎታል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናትም በ26 የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ከነበሩ 3,755 ተማሪዎች መካከል ይህ ሕክምና የደረሳቸው እንቅልፋቸው መሻሻሉ ብቻ ሳይሆን፣ ሰውን ያለ ምክንያት የመጠራጠር ስሜታቸውም ቀንሶ ተገኝቷል።

ይሁን እንጂ ማሽን ርኅራኄ የለውም፣ ብዙ ሰውም ሳይጨርስ ይተወዋል የሚሉት እውነት አላቸው፤ በዚያው ጥናት ሳይጨርሱ የቀሩት ብዙዎች ነበሩ። በእንቅልፉ ውስጥ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ሰው ሌላ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ የሚጥል በሽታ ወይም ባይፖላር የተባለው የአእምሮ ሕመም ያለበት፣ እንዲሁም ሹፌር የሆነ ሰው፣ ያለ ሐኪም ክትትል እንቅልፉን ሊያሳጥር አይገባውም። ስለዚህ ከስልኩ በስተጀርባ የሚጠይቅ፣ የሚያበረታታና ሲያስፈልግ ወደ ሐኪም የሚመራ ባለሙያ ይኑር፤ ይህ ግን ሥራውን በጥንቃቄ እንድንጀምር የሚያስገድድ እንጂ እንድንተወው የሚያደርግ ምክንያት አይደለም።

የባዕዱን ጽሑፍ ወደ አማርኛ መመለስ ብቻውን ደግሞ አይበቃም። «እንቅልፍ ካልመጣ ወደ ሌላ ክፍል ሂድ» የሚለው ምክር፣ ቤተ ሰብ ሁሉ በአንድ ክፍል ለሚያድርበት ቤት ትርጉም የለውም፤ እዚያው ከአልጋ ወርዶ በዱካ ላይ መቀመጥ እንደሚበቃ ሊነገር ይገባል። የእንቅልፍ መዝገቡ በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ይሠራ፤ ማኅሌት ቆሞ የሚያድረው ካህንና በረመዳን ለሱሑር የሚነሣው ምእመን አምልኮታቸውን ሳይተዉ እንቅልፋቸውን የሚያስተካክሉበት መንገድ ይፈለግ፤ የማታው ቡናም ከጉርብትና ፍቅሩ ጋር ወደ ቀን የሚዛወርበት ምክር ይሰጥ። ፊደል ላልቆጠረው በድምፅ፣ ኢንተርኔት ለሌለው በተራ ስልክ ይድረስ፤ በስደት አገር ለሐኪሙ በባዕድ ቋንቋ ጭንቀቱን ማስረዳት ለተሳነው ወገናችንም ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም።

የአማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሐኪሞች፣ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ያሉ የሥነ ልቡና መምህራንና የጤና ሚኒስቴር ተባብረው ይህን ሥራ እንዲጀምሩ በአክብሮት እለምናለሁ። አንተም አንባቢ ሆይ፣ እንቅልፍ ካጣህ ወራት ተቆጥረው እንደሆነ፣ ኪኒን ከመግዛትህ በፊት ወደ ሐኪም ሄደህ ይህን ሕክምና «የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና» ብለህ በስሙ ጠይቅ።