ካሣ ስለ ተባለው ስም

ካሣ ኃይሉ የሚለውን ስም በአገራችን ታሪክ ውስጥ ሁለት ጊዜ በታላቅ ስፍራ ተጽፎ እናገኘዋለን። የመጀመሪያው ካሣ ኃይሉ ከጣና ባሕር በስተ ምዕራብ በሚገኘው በቋራ አገር ተወልደው፥ በ1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት ናቸው። ሁለተኛው በ1873 ዓ.ም. ተወልደው፥ በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ግንባር ዘምተው፥ በ1949 ዓ.ም. ያረፉት ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ ናቸው። የባዕድ አገር ሰው እነዚህን ሁለት ስሞች ጎን ለጎን ቢያይ፥ አያትና የልጅ ልጅ ናቸው ብሎ ቢፈርድ አያስደንቅም። ነገር ግን የቀዳማዊው አባት ደጃዝማች ኃይሉ፥ በሙሉ ስማቸው ኃይለ ጊዮርጊስ፥ የቋራ ሰው ሲሆኑ፤ የሁለተኛው አባት ደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ኪሮስ የላስታ መኰንን ነበሩ። ስሙ አንድ ነው፤ ቤቱ ግን ሁለት ነው።

ከባሕሩ በስተ ደቡብ፥ በጎጃም በኩል ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትና ራስ ኃይሉ በለው አጎትና የወንድም ልጅ ናቸው፤ ሁለተኛ ስማቸውን ብቻ የሚመለከት ሰው ግን ዝምድናቸውን ሊያውቅ አይችልም። የቤቱ አባት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ቢሆኑ በ1873 ዓ.ም. ዘውድ እስኪጭኑ ድረስ ራስ አዳል ተሰማ ይባሉ ነበር። ልጃቸው ግን ኃይሉ አዳል ተብሎ አልቀረም፤ የአባቱ ዘውድ የልጁንም ስም አብሮ ለወጠው። እንግዲህ በእኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት ስም እንጂ የቤት ስም እንዳይደለ ከዚህ እንረዳለን።

ወደ ተነሣንበት ስም እንመለስ። ካሣ ማለት ካሠ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ይኸውም የጠፋውን ተካ፥ የተጎዳውን መለሰለት ማለት ነው። ትግርኛ በመካከሉ የሐን ድምፅ ጠብቆ ካሕሳ ይለዋል፤ ካሕሳይና ካሕሱ የሚባሉት የትግራይ ስሞችም የዚሁ ዘመዶች ናቸው። በ1864 ዓ.ም. በአክሱም ዘውድ የጫኑት ዓፄ ዮሐንስ አራተኛም የቀድሞ ስማቸው ካሣ ምርጫ ነበር። በአንድ ክፍለ ዘመን ውስጥ ሁለት ካሣዎች ንጉሠ ነገሥት መሆናቸው ይህ ስም ከቋራ እስከ ተምቤን ምን ያህል ተዘርግቶ እንደ ነበረ ይመሰክራል። ዛሬም በጣና ዙሪያ ባሉት ከተሞችና መንደሮች ካሣ፥ ካሣሁን፥ ካሣዬ፥ ካሣነሽ ብሎ የሚጠራ ድምፅ ከሰው ጆሮ አይጠፋም።

ቃሉ በመጀመሪያ የዳኝነት ቃል ነው። ሰው የገደለ ለሟቹ ወገን የደም ካሣ ይከፍላል፤ የሰው አዝመራ ያበላሸ ይክሣል። በዘመናችንም የባሕር ዳር ከተማ እየሰፋች በሄደች ቁጥር፥ መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም የሚወሰድበት ገበሬ ሊከፈለው የሚገባው ገንዘብ በ1161/2011 ቁጥር አዋጅ ላይ በዚሁ በካሣ ስም ተጽፎ ይገኛል። ያኛው ካሣ በካሬ ሜትር ተለክቶ በብር ይቈጠራል። ለሕፃን የሚሰጠው ካሣ ግን መለኪያ የለውም።

ይህ ስም ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከኀዘን በኋላ ለተወለደ ልጅ ነው። ቀዳሚው ልጅ በሕፃንነቱ ሞቶ እንደ ሆነ፥ ወይም እናት ገና ነፍሰ ጡር ሳለች አባት ሞቶ እንደ ሆነ፥ የሚመጣው ልጅ የቀደመውን ሰው ስፍራ ይዞ ይመጣል። እናቲቱም «እግዜር ካሰኝ» ትላለች፤ ይህም አነጋገር ስም ሆኖ ይቀራል። ሀብት ከጠፋ ወይም ስደት ከደረሰ በኋላ ለተወለደም ልጅ ይሰጣል። ምትኩ፥ ተካ፥ ፈንታ፥ ማስረሻ የተባሉትም ስሞች የዚሁ ወገን ናቸው፤ ሆኖም ልብ ላለው ሰው እያንዳንዳቸው የተለየ ነገር ይናገራሉ። ምትኩና ፈንታ ባዶውን ስፍራ ይሞላሉ። ማስረሻ ኀዘኑን እንዲያስረሳ ይጠየቃል። ካሣ ግን ዕዳ እንደ ተከፈለ አድርጎ ይናገራልና፥ በእኛ አስተያየት ከሁሉም የሚከብደው ስም ይህ ነው፤ ምክንያቱም ለሞተ ልጅ ሌላ ልጅ ክፍያ እንደማይሆን ስሙን ያወጣችው እናት ከማንም ይልቅ ታውቃለችና። ስለዚህም ይመስለናል ካሣ ተብሎ የተጠራ ልጅ በቤቱ ውስጥ ከሌሎቹ ይልቅ በዓይን የሚጠበቀው።

የክርስትና ስም ወንድ በ40 ቀን፥ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ ለብቻው ስለሚሰጥ፥ ካሣ የዓለም ስም ሆኖ ይኖራል።

አሁን የቤት ስም ያላቸው ሕዝቦች እንዴት እንደ ሆኑ ጥቂት እንመልከት። በስፔንና በፈረንሳይ ድንበር የሚኖሩት ባስኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠሩት በተወለዱበት ቤት ስም ነው። ኤቼቤሪያ ማለት በቋንቋቸው አዲስ ቤት ማለት ነው። በ1547 ዓ.ም. ለዓፄ ገላውዴዎስ ደብዳቤ የጻፈው ኢግናጥዮስ ዘሎዮላም ባስክ ሲሆን፥ ሎዮላ የተባለው የአባቶቹ ቤት ስም ነው። በዚህ ልማድ ቢሆን ኖሮ ከኛ መካከል ስንቱ አቶ ባሕር ዳር፥ ስንቷስ ወይዘሮ ዘጌ ተብላ በቀረች ነበር! ኢግናጥዮስ ያቋቋመው ማኅበር አባል የነበረው፥ በጣና ዳር በጎርጎራ የተቀመጠውና በ1610 ዓ.ም. ከዓፄ ሱስንዮስ ጋር ግሽ ዓባይን ያየው ፔድሮ ፓኤዝ ደግሞ ሌላ ምሳሌ ይሆነናል። ፓኤዝ ማለት ጥንት የፓዮ ልጅ ማለት ነበር፤ ልክ እንደኛ የአባት ስም ነው። ነገር ግን በነርሱ ዘንድ ስሙ በአንድ ትውልድ ላይ ደርቆ ቀረ፤ አባቱ ፓዮ ያልሆነውም ሁሉ ፓኤዝ ይባላል። በእኛ ዘንድ ግን አልደረቀም። በአይስላንድም ደሴት አብዛኛው ሰው እስከ ዛሬ በአባቱ ስም ይጠራልና ብቻችንን አይደለንም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ32ኛው ቁጥር ጀምሮ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም፤ ሲሠራበትም አልታየም። መታወቂያ ለማውጣት የሚቀርብ ሰው ዛሬም ስሙን፥ የአባቱን ስም፥ የአያቱን ስም ያስመዘግባል። ይህ በአገር ውስጥ የሚያስቸግር አይደለም። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ቤተ ሰብ ግን ባል በአባቱ፥ ሚስት በአባቷ፥ ልጅ ደግሞ በባልየው ስም ተጠርተው በአንድ በር ሲያልፉ፥ አንድ ቤት መሆናቸውን ለማስረዳት የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት ባይለያቸው መልካም ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን በቤታችን ውስጥ ያለው ነው። በልማዳችን ሰው እስከ ሰባት ቤት ድረስ ከዘመዱ ጋር አይጋባም። በቀድሞ ዘመን ሁለቱም ወገኖች በአንድ አጥቢያ ስለሚኖሩ ሽማግሌዎች ቤት ቆጥረው ይነግሩ ነበር። ዛሬ ግን አንዱ ከደምቢያ፥ አንዷ ከሜጫ መጥተው በባሕር ዳር ይተዋወቃሉ። መታወቂያቸው ራሳቸውን ጨምሮ ሦስት ትውልድ ብቻ ይናገራል፤ ሌላው ሁሉ ይቀራል፤ የእናት ወገንማ ከናካቴው አልተጻፈም። በስም አንድ የሆኑት ባዕድ፥ በስም የተለያዩት ዘመድ ሊሆኑ እንደሚችሉ ከላይ በራሶቹ አይተናል።

ስለዚህ አያት በሕይወት ያለለት ቤተ ሰብ ሁሉ ሳይዘገይ ቤቱን እንዲያስቈጥር አደራ እንላለን። አባቶቻችን የልጆቻቸውን ልደት በዳዊታቸው ባዶ ብራና ላይ ይጽፉ ነበር፤ ለዛሬ ደብተር ይበቃል። በአባት በኩል ሰባት፥ በእናት በኩል ሰባት፤ የዓለም ስሙ ከክርስትና ስሙ ጋር ይጻፍ። ከመካከላቸው ካሣ፥ ወይም ምትኩ፥ ወይም ፈንታ የተባለ ቢገኝ፥ በማን ፈንታ እንደ ተወለደ አያቲቱ ትጠየቅና የዚያኛው ሕፃን ስም ከጎኑ ይጻፍ።