ድምፅ ሲሻክር ዝም አይባልም



የዕድራችንን ጡሩምባ ነፊ የማያውቅ የለም። ሌሊት ሳይል፣ ዝናብ ሳይል በየደጃችን እየዞረ ሲለፍፍ የኖረ ሰው ነው። በ2016 ዓ.ም. ድምፁ ሻከረ። «ብርድ ነው፣ ይለቅሃል» አልነው። ዝንጅብልና ማር ጠጣ፤ ከመድኃኒት ቤት ኪኒን እየገዛ ዋጠ፤ በሰው ምክር እንጥሉን አስቆረጠ። እንዲህ ሲል ስድስት ወር አለፈ። አንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ የማንቁርት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በሕይወት አለ፤ ማንቁርቱ በኦፕራሲዮን ወጥቷልና ድምፁ ግን የለም።

ይህን የምንጽፈው በእርሱ ፈቃድ ነው። ወቀሳው ለእርሱ ሳይሆን ለመካሪዎቹ ለእኛ ነው።

ድምፅ ከሦስት ሳምንት በላይ ከሻከረ፣ ምግብ መዋጥ ካስቸገረ፣ አንገት ላይ የማይጠፋ እብጠት ከታየ ወይም አክታ ደም ከቀላቀለ፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ሪፈር መጠየቅ ነው። ሲጋራ የሚያጨስና መጠጥ የሚያዘወትር ደግሞ ይበልጥ ይፍጠን። ሐኪሙ ጉሮሮውን በመሣሪያ ያያል፤ የሚያጠራጥር ነገር ካገኘ ናሙና ቆርጦ ያስመረምራል። የናሙናው ውጤት ሳይታወቅ «ካንሰር ነው» ወይም «አይደለም» ማለት አይቻልም። «ብረት ከነካው ይባባሳል» የሚባለው ወሬ መሠረት የለውም። በጊዜ የተደረሰበት የማንቁርት ካንሰር በጨረር ብቻ ወይም በቀላል ኦፕራሲዮን ብዙውን ጊዜ ይድናል፤ ድምፅም ይተርፋል።

ሆስፒታል ሲመረጥስ? ትልቅ ሕንፃና ውድ ዋጋ አያታልለን። የሚጠየቀው ይህ ነው፦ አንገት በላይ ሐኪሙና የካንሰር ሐኪሙ ተመካክረው ይወስናሉ ወይ? የጨረሩ ወረፋ ምን ያህል ነው? ጠቅላላ ወጪውስ? በአገራችን የጨረር ሕክምና ለረጅም ዘመን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት በጅማና በሐረርም ተጀምሯል። ጨረሩ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ6 ወይም ለ7 ሳምንት ይሰጣል። መሐል ላይ ከተቋረጠ የመዳን ተስፋው ይቀንሳል። ስለዚህ ማደሪያውና የታክሲው ገንዘብ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ድርሻ የሚመጣው። ዕድራችን ለሞተ ሰው ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል። ለመዳን ለሚመላለስ አባል ግን በደንባችን አንድም ሳንቲም የለም። ጡሩምባ ነፊያችን ለመመላለሻ ሲል ሬዲዮኑን ሸጧል። ይህ ያሳፍራል! በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ የሕሙማን መመላለሻ መዋጮ በአጀንዳ እንዲያዝ እናሳስባለን።

ዕድሜውን ሙሉ ስለ እኛ ጮኾልናል። አሁን ተራው የእኛ ነው።