ሻይም ሰዓት አለው

ይህን ጋዜጣ ያነሱት ምግብ ቤት ተቀምጠው፣ ያዘዙት በያይነቱ እስኪደርስ ከሆነ፣ ምናልባት ሻይም አብረው አዝዘው ይሆናል። ፈቃድዎ ከሆነ ዛሬ ስለዚያች ብርጭቆ ጥቂት እናውጋ።

ነገሩን እንድናነሳ ያደረገን በአንዲት እህታችን ላይ የደረሰው ነው። በቀን ሁለት ሥራ የምትሠራ፣ ጾም የማታስታጉል ሴት ናት። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ራሷን ያዞራታል። ሐኪም ዘንድ ብትሄድ ደም ማነስ እንዳለባት ተነግሯት የአይረን ክኒን ታዘዘላት። ሦስት ወር ሳታቋርጥ ዋጠች፤ ደሟ ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። በኋላ አንዲት ያገራችን ልጅ የሆነች ነርስ «ለመሆኑ ክኒኑን በምንድን ነው የምትውጪው?» ብላ ስትጠይቃት ጉዱ ወጣ። ለካስ በየማለዳው በሻይ ነበር!

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሻይን ጠንከርና ጠቆር የሚያደርጉት ንጥረ ነገሮች ሆድ ውስጥ አይረን ሲያገኙ ይይዙታል፤ ሰውነትም ሳይጠቀምበት ያልፋል። በተለይ የሚጎዳው ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከቅጠላ ቅጠል የምናገኘው አይረን ነው፤ ከምግብ ጋር የተጠጣ ሻይ ሰውነት የሚወስደውን ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። በሥጋ ውስጥ ያለው ግን ብዙም አይነካም። እንግዲህ ጾመኛው ሽሮና ምስሩን በልቶ፣ እጁን ሳይታጠብ ሻዩን ሲያስከትል ምን እንደሚያጣ ይገምቱ። ለልጆቻችን በየማለዳው ዳቦ በሻይ የምንሰጥም ልናስብበት ይገባል፤ የሚያድግ ልጅ አይረን በብዙ ያስፈልገዋል።

መፍትሔው ሻይን መተው አይደለም። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል መጠበቅ ነው። ክኒን የሚወስዱ ደግሞ በውኃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ይዋጡት፤ በብርቱካንና በሎሚ ያለው ቫይታሚን ሲ አይረኑን ያግዘዋል።

ሻይ በራሱ መልካም መጠጥ ነው። ጥቁሩም አረንጓዴውም የአንድ ተክል ቅጠል ነው፤ የሚለያያቸው አዘገጃጀቱ ነው። በ2022 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነና በእንግሊዝ አገር ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰዎችን የተከታተለ ጥናት፣ በቀን ሁለት ስኒና ከዚያ በላይ ጥቁር ሻይ የሚጠጡት ከማይጠጡት ይልቅ በጥናቱ ዘመን የመሞት ዕድላቸው ከ9 እስከ 13 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ይህ ሻይ ዕድሜ ያስረዝማል የሚል ማረጋገጫ አይደለም፤ ቢሆንም ለጠጪው ደስ የሚል ወሬ ነው። ካፌይኑም በስኒ 50 ሚሊ ግራም ገደማ፣ የቡና ግማሽ ያህል ነው። ነፍሰ ጡሮች ግን ቡናውንም ሻዩንም ደምረው በቀን ከ200 ሚሊ ግራም እንዳያልፉ ይመከራሉ።

ችግራችን ስኳሩ ላይ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው። ሦስት ማንኪያ እየጨመረ በቀን አራት ጊዜ የሚጠጣ ሰው 48 ግራም ከሻይ ብቻ ያገኛል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ለሴት በቀን 25፣ ለወንድ 36 ግራም ይበቃል ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ታክሲ ሲነዱ ወይም ፓርኪንግ ሲጠብቁ በፔርሙስ ጣፋጭ ሻይ ለምትይዙ ወንድሞቻችን ይህ ሒሳብ ቀላል አይደለም።

አፈላሉን እንመልከት። ብዙዎቻችን ቅጠሉን ከውኃው ጋር እናንተከትካለን፤ ይህ ሻዩን ያመረዋል፣ የመረረውን ለማጣፈጥ ደግሞ ስኳር እንጨምራለን። ይልቅስ ቀረፋውን፣ ቅርንፉዱንና ሄሉን ብቻ 10 ደቂቃ ያፍሉ። ከዚያ እሳቱን ያጥፉና ለእያንዳንዱ ስኒ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅጠል ጨምረው ይክደኑት። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆይቶ ይጠለል። የውሽውሽ ወይም የጉመሮ ቅጠል ከአገር ቤት የመጣልዎት ከሆነ በዚህ አፈላል መዓዛውን በደንብ ያገኙታል፤ የቀረፋው ጣፋጭነትም አንድ ማንኪያ ስኳር ያስቀርልዎታል። አረንጓዴ ሻይ ሲሆን ውኃው ፈልቶ ጥቂት ይብረድ፤ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይበቃዋል።

ሲቀዳም ወዲያው አይጋቱት። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በፋራናይት 150 ገደማ በላይ የሆነ ትኩስ መጠጥ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል አስታውቋል። ጥፋቱ የሻዩ ሳይሆን የሙቀቱ ነው። ትንሽ ቢታገሡ የሚቀርብዎት ነገር የለም።

እህታችንን ጠይቃችሁን እንደሆነ፣ ሻዩን ወደ ዐሥር ሰዓት አዛወረችው፤ ክኒኑን በውኃ ትውጣለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ደሟ ተመርምሮ ወደ ደህናው መጠን ደርሶ ተገኘ፤ አሁን ደረጃውን ሳታርፍ ትወጣዋለች። ድካምና ማዞር የሚሰማችሁ ሁሉ ግን ጥፋቱን በሻይ ላይ ብቻ አታላክኩ፤ ደም ማነስ ብዙ ምክንያት አለውና ሐኪም ይያችሁ።

እነሆ ምግቡ መጣ መሰለኝ። ለአስተናጋጇ «ሻዩ ቆየት ብሎ ይሁንልኝ» ይበሏት። መልካም ምግብ፣ ቸር እንሰንብት።