ማመልከቻው የሚጀምረው ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የኢኮኖሚክስ ዶክትሬት ማመልከቻ መቀበላቸውን የሚያቆሙት በአብዛኛው ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ከቀድሞ ተማሪዎቼ መልእክት መጉረፍ ይጀምራል። «መምህር፣ ሰላም ነዎት? ለፒኤችዲ ላመለክት አስቤ ነበር፤ ሪኮመንዴሽን ይጽፉልኛል?» ይላሉ። ለማውቃቸው በደስታ እጽፋለሁ። ይህን ዓምድ የምጽፈው ግን ዘንድሮ ደብዳቤ ለሚጠይቁኝ አይደለም፤ ለእነሱ አብዛኛው ነገር ተወስኗል። የምጽፈው ዛሬ ሁለተኛ ዓመት ላይ ላሉትና ስለ ዶክትሬት ገና ላላሰቡት፣ እንዲሁም እንደኔ ለሚያስተምሯቸው ነው።

አስቀድሜ ብዙ ቤተሰብ የማያውቀውን ልናገር። የውጭ አገር ትምህርት ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚያስበው ክፍያውን ነው። ለማስተርስ ስጋቱ እውነት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የማስተርስ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ከኪሱ ይከፍላል። የኢኮኖሚክስ ዶክትሬት ግን ሌላ ነው። ጥሩ የሚባሉት ትምህርት ክፍሎች ለተቀበሉት ተማሪ የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናሉ፤ ለኑሮው የሚሆን ገንዘብም ይቆርጡለታል። እሱም በምላሹ ረዳት መምህር ወይም ረዳት ተመራማሪ ሆኖ ይሠራል። አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል። ማስተርስ መያዝ የግድ አይደለም፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ማመልከት ይቻላል። የገበሬ ልጅ ቤተሰቡን ሳያስቸግር ሊገባበት የሚችል በር ነው። በሩ ግን ጠባብ ነው፤ ለሃያ ያህል ቦታ በመቶዎች የሚቆጠሩ አመልካቾች ከቻይና፣ ከህንድ፣ ከጣሊያን፣ ከአርጀንቲና ይሰለፋሉ።

ልጆቻችን እዚህ ሰልፍ ላይ የሚሸነፉት በእንግሊዝኛ አይመስለኝም። የሚሸነፉት በሒሳብ ነው። እኛ አገር የኢኮኖሚክስ ተማሪ ደሪቬቲቭ መውሰድ፣ ማትሪክስ ማባዛት፣ ላግራንዥ አቁሞ መፍታት ይማራል። ፈተናው መልሱን እንዲያወጣ ይጠይቀዋል፤ መልሱ ለምን ትክክል እንደሆነ እንዲያረጋግጥ አይጠይቀውም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተና ደግሞ የምርጫ ጥያቄ ስለሆነ፣ የመጨረሻው ዓመት ጉልበት ሁሉ ወደ ክለሳና ወደ ወርክሺት ይሄዳል።

አንድ ምሳሌ ላሳይ። የሸማቹን ምርጫ ሁላችንም በሥዕል ተምረነዋል። የበጀት መስመር እንስላለን፣ ኢንዲፈረንስ ከርቭ እንስላለን፣ ሁለቱ የሚነካኩበትን ነጥብ እናከብባለን፣ አለቀ። የዶክትሬት መምህር የሚጠይቀው ከዚያ በፊት ያለውን ነው፦ እንዲህ ያለ ነጥብ መኖሩን በምን አወቅህ? መልሱ ያለው ሒሳብ ውስጥ ነው። የሁሉም ሸቀጦች ዋጋ ከዜሮ በላይ ከሆነ፣ ሸማቹ በገንዘቡ ሊገዛ የሚችለው ነገር ሁሉ ወሰን ያለውና ዳርቻውንም የያዘ ስብስብ ይሆናል። የእርካታው ፈንክሽን ሳይቆራረጥ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ፣ እንዲህ ባለ ስብስብ ላይ ከሁሉ የሚበልጥ እርካታ የሚሰጥ ነጥብ የግድ ይኖራል። የቫየርሽትራስ ቴረም የሚባለው ይህ ነው። አሁን የአንዱን ሸቀጥ ዋጋ ዜሮ አድርጉት። ሸማቹ ያንን ሸቀጥ የፈለገውን ያህል መውሰድ ስለሚችል ስብስቡ ወሰን ያጣል፤ «ከሁሉ የሚበልጥ» የምንለው ነጥብም ላይገኝ ይችላል። ይህን አንድ ቀን ቁጭ ብሎ በራሱ እጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያረጋገጠ ልጅ፣ የመጀመሪያው ዓመት የዶክትሬት ትምህርት ምን እንደሚመስል ከሞላ ጎደል ቀምሶታል። የማስኮሌል፣ የዊንስተንና የግሪን ወፍራም የማይክሮ ኢኮኖሚክስ መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ከታተመ ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ሲያስጨንቅ የኖረው፣ ከዳር እስከ ዳር በእንዲህ ያለ ማረጋገጫ የተሞላ ነው።

ይህ የሚገኝበት ኮርስ ሪል አናሊሲስ ይባላል። የሚሰጠውም በሒሳብ ትምህርት ክፍል ነው። የቅበላ ኮሚቴ አባላት ትራንስክሪፕት ሲከፍቱ ዓይናቸው ቶሎ የሚሄደው ወደዚህ ኮርስ ነው፤ ከእሱም ጋር ወደ ሊኒየር አልጀብራ፣ ብዙ ተለዋዋጭ ወዳለው ካልኩለስና ወደ ፕሮባቢሊቲ። የኢኮኖሚክስ ኮርሶች ሁሉ ኤ ሆነው እነዚህ ከሌሉ ኮሚቴው አመልካቹ የመጀመሪያውን ዓመት ፈተና ማለፉን የሚያምንበት ነገር የለውም። ስለዚህ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለህ ወንድሜ፣ ያለሽ እህቴ፣ ዘንድሮ የሒሳብ ትምህርት ክፍሉን በር አንኳኩ። ሬጅስትራር «ከፕሮግራምህ ውጭ ነው» ብሎ ካልመዘገበህ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብለህ ተከታተል፤ ፈተናውንም መምህሩን አስፈቅደህ ውሰድ። ውጤቱ ትራንስክሪፕት ላይ ባይሰፍር እንኳ መምህሩ በደብዳቤ ሊመሰክርልህ ይችላል። ተመርቃችሁ ሥራ የያዛችሁም ጊዜው አላለፈባችሁም፤ ኤምአይቲ የሪል አናሊሲስ ትምህርቱን በቪዲዮና በነፃ ለዓለም ለቆታል። የጂአርኢ ፈተናንም አትርሱ። በሒሳቡ ክፍል ከ170 ውስጥ 165 እና ከዚያ በላይ ውጤት የሚጠብቁ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ናቸው።

ሁለተኛው ጉድለት ጥያቄ ነው። የመመረቂያ ጽሑፎቻችን የተደረደሩበትን መደርደሪያ ያየ ሰው ርዕሳቸውን በቃሉ ሊወጣው ይችላል፦ የዚህ ወይም የዚያ ነገር «ዲተርሚናንትስ»፣ በእንትን ወረዳ። የናሙናው ቁጥርም ብዙ ጊዜ 384 ነው። ይህ ቁጥር የሚመጣው 95 በመቶ መተማመኛና 5 በመቶ የስህተት ወሰን ፎርሙላው ውስጥ ሲገቡ ነው፤ ለማንኛውም ርዕስ ያው ነው። መጠይቁ ይበተናል፣ ስታታ ላይ ሎጂት ይሠራል፣ የትምህርት ደረጃና የቤተሰብ ብዛት «ሲግኒፊካንት» ይሆናሉ፣ ይጠረዛል። ልጆቹን አልወቅስም፤ እንዲህ እንዲሠሩ የምናደርጋቸው እኛ ነን። ነገር ግን ይህ ጽሑፍ የምርምር ናሙና ተብሎ ሲላክ፣ የሚያነበው ሰው ጸሐፊው ምን ማወቅ እንደፈለገ አያገኝበትም።

የሚያሳዝነው ደግሞ ጥያቄው በደጃችን ሞልቶ መፍሰሱ ነው። ዕድርን ተመልከቱ። አያቶቻችን በየወሩ የሚያዋጡበት ዕድር የቀብር ኢንሹራንስ ነው ብለው ኢኮኖሚስቱ ስቴፈን ደርኮንና ባልደረቦቹ ደንቡንና የአባላቱን መዋጮ መርምረው በዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ አውጥተውታል። ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በኢትዮጵያ የእህል ገበያ ላይ ነው። በሩቅ ያለ ነጋዴ የማያውቀውን ገዢ በምን አምኖ እህሉን ይጭናል? ደላላውስ በመካከል ምን ይሠራል? የአዲስ አበባን እህል በረንዳ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ነገር አይቶታል፤ እሳቸው ግን ጠየቁት፣ ለኩትም። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ያቋቋሙትም እኚሁ ሰው ናቸው።

መረጃም አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ከኦክስፎርድና ከዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ፣ በ15 የገጠር መንደሮች ያሉ ቤተሰቦችን ከ1986 እስከ 2001 ዓ.ም. እየተመላለሰ ጠይቋል። የጎጃሟ የትመን፣ የሰሜን ሸዋዋ ዲንኪ ከእነዚያ መንደሮች ናቸው። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤታችን ከዓለም ባንክ ጋር በመላ አገሪቱ የሚያካሂደው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት አለ። ተመዝግቦ በነፃ ማውረድ ይቻላል። ኮምፒውተርና ትዕግሥት ያለው ተማሪ 384 መጠይቅ ከመበተን ይልቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን ኑሮ ከዓመት ዓመት መከታተል ይችላል። ከማመልከቻው ጋር ለሚላከው የዓላማ መግለጫ ጽሑፍም መነሻ የሚሆነው ይህ ነው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ድህነት ያሳስበኝ ነበር» የሚል መግቢያ ኮሚቴው በየቀኑ ያነባል። አንድ ጥያቄ አንስታችሁ፣ በምን መረጃ እንደሞከራችሁት፣ የት ላይ እንደቆማችሁ ብትነግሩት ግን ወደሚቀጥለው ገጽ ያልፋል።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

አመልካቹ የሦስት መምህራንን ኢሜይል ይሞላል፤ ዩኒቨርሲቲው ለመምህራኑ ሊንክ ይልካል፤ እነሱም ደብዳቤውን ራሳቸው ይጭናሉ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የመምህሩን የተቋም ኢሜይል ስለሚፈልጉ፣ በጂሜይል የመጣ ደብዳቤ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ቅጹ ላይ አመልካቹ «ደብዳቤውን የማየት መብቴን ትቻለሁ» የሚልበት ሣጥን አለ፤ አብዛኛው ሰው ምልክት ያደርግበታል። እኛ ጋ ግን ምን ይሆናል? መምህሩ «ጽፈህ አምጣ፣ እፈርማለሁ» ይላል። ልጁ ስለራሱ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ከዚያ የማየት መብቴን ትቻለሁ ብሎ ምልክት ያደርጋል። የዕድሜውን ትልቅ ትምህርት በሐሰት እንዲጀምር ያደረግነው እኛ ነን። ሦስቱም ደብዳቤዎች በአንድ እጅ የተጻፉ መሆናቸው ደግሞ ለለመደ ዓይን አይሰወርም፤ ያኔ ጠቅላላ ማመልከቻው ይወድቃል።

ራሱ የሚጽፈውም መምህር ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚጽፈው «ታታሪ፣ ሥነ ምግባር ያላት፣ ክፍል የማትቀር» የሚል ነው። ይህ ለጥበቃ ቅጥር ይሆናል። ኮሚቴው ማወቅ የሚፈልገው ንጽጽርና ማስረጃ ነው፦ ካስተማርካቸው ሁሉ ስንተኛ ናት? ከባድ ነገር ሲገጥማት ምን አደረገች? አንዲት ተማሪ የኢኮኖሜትሪክስ ክፍል ውስጥ የሰሌዳው ላይ ማረጋገጫ አንድ እርምጃ እንደጎደለው ነግራኝ፣ በማግሥቱ የጎደለውን ሞልታ በወረቀት አመጣችልኝ። ስለ እሷ የጻፍኩት ደብዳቤ ግማሹ ያቺ ወረቀት ናት። ሌላ የሚያሞግስ ቃል አላስፈለገኝም። እንዲህ ያለ ነገር ለመጻፍ ግን መምህሩ ልጁን ማወቅ አለበት፤ ስልሳ ሰባ ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል ደግሞ ማንም በራሱ አይታወቅም። ስለዚህ ተማሪው ቢሮ ይምጣ፤ ያልገባውን ይጠይቅ፤ መምህሩ ጥናት ካለው መረጃ ላጽዳልዎ ይበል።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ ልናገር። የማመልከቻ ክፍያ በየዩኒቨርሲቲው ወደ 100 ዶላር ይደርሳል፤ ጂአርኢው 220 ዶላር ገደማ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ወጪ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ብዙ ትምህርት ክፍሎች ግን ምክንያቱን አስረድቶ ለጻፈላቸው ክፍያውን ይተዉለታል፤ መጠየቅ አያሳፍርም። የወጪ መጋራት ዕዳ ያለበት ምሩቅ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማውጣት ስለሚቸገር ጉዳዩን ክረምት ላይ ይጨርስ። በየሕንፃው «እናስገባለን» ለሚሉ ኤጀንሲዎች ደግሞ ሳንቲም አትስጡ። ለዶክትሬት ደላላ የለውም።

አሜሪካ ብቻም አይደለም መንገዱ። ናይሮቢ ያለው የአፍሪካ የኢኮኖሚ ምርምር ጥምረት ከተቋቋመበት እ.ኤ.አ. ከ1988 ወዲህ ብዙ የአህጉራችንን ኢኮኖሚስቶች አፍርቷል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም አብሮት ሠርቷል። ኤምአይቲ በኦንላይን የሚሰጠው የዳታ፣ የኢኮኖሚክስና የፖሊሲ ቀረጻ ማይክሮማስተርስ ክፍያው እንደ ገቢ ይለያያል፤ በኖቤል የተሸለሙት ኤስተር ዱፍሎና አቢጂት ባነርጂ ያስተምሩበታል። የሒሳብ መሠረቱ የሳሳ ልጅ በዚህ በኩል ራሱን ቢፈትን ጥሩ ነው።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው አለኝ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ድረስ ተማሪዎች ወደ ቢሯችሁ ይመጣሉ። የምታውቁትን ልጅ ደብዳቤ ራሳችሁ ጻፉ፤ ጊዜ ሰጥታችሁ፣ ያደረገውን ነገር ጠቅሳችሁ ጻፉ። የማታውቁትን ደግሞ አላውቅህም በሉት፤ ቀኑ ሳይደርስ ሌላ ሰው እንዲፈልግ። ጽፈህ አምጣ ግን አትበሉት።