ያልበረረ አውሮፕላን አንደኛ ሲወጣ

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼም፣ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነውና ሻያችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ስለ ተማሪዎች የሳይንስና የፈጠራ ሥራ ውድድር ዳኝነት ነው። የሰውም የትምህርት ቤትም ስም አልጠራም፤ የሚመለከተው ራሱን ያውቃል።

በቅርቡ እዚሁ ደቡብ ጎንደር ውስጥ በተደረገ አንድ ውድድር ሁለት አውሮፕላኖች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ቀረቡ። አንዱ የካርቶን ድሪምላይነር ነው። ቀለሙ ያምራል፣ ክንፎቹ ጫፍ ላይ በባትሪ ድንጋይ ብልጭ ድርግም የሚሉ አምፖሎች አሉት። ሌላው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሠራችው የ«ፀሐይ» ሞዴል ነው፤ ጣሊያን ወስዳው ኖራ በጥር 2016 ዓ.ም. የተመለሰልን፣ አገራችን ውስጥ የተሠራው የመጀመሪያው አውሮፕላን። አጥንቱ ስንጥቅ ሸምበቆ፣ ቆዳው ስስ ፌስታል፣ ፕሮፔለሩ ከሃይላንድ የተቆረጠ፣ ሞተሩ የተጠማዘዘ ላስቲክ። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ሜዳ ላይ ስታበረው በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከሃያ ሰከንድ በላይ አየር ላይ ቆየ።

ድሪምላይነሩ አንደኛ ወጣ። የእሷ ከሦስቱ ውስጥም አልገባም። «እስቲ ይብረር» ያላት ዳኛ የለም። እንዲያውም ላስቲኩን ልትጠመዝዝ ስትል «ለእይታ ነው የቀረበው፣ አትንኪው» ተባለች።

ነጥብ የተቀነሰባት በምን እንደሆነ ስጠይቅ «ጅራቱ ከፎቶው ይበልጣል፤ ክንፉም ወደ ላይ ተጣሟል» አሉኝ። ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው።

እውነተኛው «ፀሐይ» በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን እጅ ሲሠራ አብራሪ እንዲቀመጥበት ተደርጎ ነው። ሲያዘነብል የሚያቃናው ሰው አለው። የልጅቷ አውሮፕላን ላይ ማንም የለም፤ ነፋስ በገፋው ቁጥር ራሱን በራሱ ማቃናት አለበት። ክንፎቹን ወደ ላይ ቀና ያደረገቻቸው ለዚህ ነው፤ አንዱ ወገን ሲወርድ መልሶ እንዲነሳ። ጅራቱን ያሰፋችውም አፍንጫው እየወጣና እየወረደ እንዳይዋዥቅ ነው። ፈረንሳዊው አልፎንስ ፔኖ እ.ኤ.አ. በ1871 ፓሪስ ውስጥ በላስቲክ የሚሄድ ትንሽ አውሮፕላን ለ11 ሰከንድ ያህል ሲያበር ምስጢሩ ይኸው ነበር፦ ቀና ያለ ክንፍ፣ በልኩ የተቀመጠ ጅራት። እንግዲህ እንደ ጥፋት የተቆጠረባት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ፊዚክስ ነው!

«መምህር፣ ሞዴል ማለት መምሰል አይደለም እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። መምሰልማ ይቆጠር፤ ማን ጠላው? የዓለም አየር ስፖርት ፌዴሬሽን በላስቲክ ለሚሄዱ የእውነተኛ አውሮፕላን ሞዴሎች ለብቻው ምድብ አለው። ተወዳዳሪው የእውነተኛውን ንድፍና ፎቶ ያቀርባል፣ ዳኞች ሞዴሉን ከዚያ ጋር ያስተያያሉ፣ ከዚያ ሞዴሉ ይበራል፣ የበረራው ነጥብም ይደመራል። ሞዴሉን የሠራው ራሱ ተወዳዳሪው መሆን አለበት። የውድድሩ ጣዕም እኮ እዚህ ጋ ነው፤ ምን ያህል ብመስል፣ ምን ያህል ብለይ ነው የምበረው የሚለው ጭንቅ። የእኛዎቹ ግማሹን ብቻ ወሰዱ፣ እሱንም ስልካቸው ላይ ባገኙት አንድ ፎቶ ዳኙት። ድሪምላይነሩ ውስጥ የማን እጅ እንዳለበትም የጠየቀ የለም። ልጁን አልወቅስም፤ የተጠየቀውን ነው ያመጣው።

«ከፍታው አይፈቅድም፣ እዚህ አይበርም» ያለኝም አለ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ናት፤ አየራችን ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ይሳሳል። ያው ክንፍ ያንኑ ክብደት ተሸክሞ እዚህ ለመንሳፈፍ 15 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት። ስለዚህ የውጭ አገር ሰከንድ እንዳለ ገልብጦ መለኪያ ማድረግ ግፍ ነው፣ እስማማለሁ። አይበርም ማለት ግን ሌላ ነው። ጆፌ አሞራ ክንፉን ሳያርገበግብ ጉና ላይ ሲንሳፈፍ የሚውልበት አየር ነው!

እኔ ብጠየቅ ሕጉን እንዲህ አደርገው ነበር። ላስቲክ ለሁሉም እኩል አምስት አምስት ግራም በወርቅ ሚዛን ተመዝኖ ይሰጥ። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ሦስት ጊዜ ይብረር፣ የሁለቱ የተሻለ ሰከንድ ይደመር። አሥር ሰከንድ ያልቆየ ወደ ጠረጴዛው አይምጣ። ጠረጴዛው ላይ መምሰሉ ይታይ፣ ለመብረር ሲባል የተደረገ ለውጥ ግን ልጁ ምክንያቱን ከተናገረ ነጥብ አይቀነስበት። «ሚዛኑ የቱ ጋ ነው? አፍንጫው ላይ ጭቃ ለምን ለጠፍክ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ የሠራውን ካላሠራው ይለያል። የነጥቡ ወረቀት ደግሞ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

በየመድረኩ ጋፋት፣ ጋፋት ስንል እንውላለን። አጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ጋፋት ላይ አሠርተው ለጎብኚ አላስቀመጡትም፤ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ መቅደላ አደረሱት። እኛ በስማቸው መድረክ ከፍተን ላስቲክ ልትጠመዝዝ የመጣችን ልጅ «አትንኪው» እንላለን።

የነጥብ መስጫ ወረቀቱን አርቅቄዋለሁ፤ አንድ ገጽ ናት። የወርቅ ሚዛን የሚያውሰኝ አንጥረኛም አግኝቻለሁ። በሚቀጥለው ውድድር ዳኛ የምትሆኑ የድሮ ተማሪዎቼ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። «ይሄ አይሆንም» የምትሉ ደግሞ እዚሁ ከሥር ጻፉት፤ የማይሆንበትን ምክንያት ጭምር።