ከካሴት እስከ ኢንተርኔት፡ የዘፈኑን ዋጋ ማን ይክፈል?

በካሴት ዘመን አንድን አልበም በሕገ ወጥ መንገድ የሚያባዛ ሰው ባዶ ካሴት መግዛት፣ ማባዣ መሣሪያ ማዘጋጀትና ሽፋን ማሳተም ነበረበት። ድርጊቱ ገንዘብና ቦታ ስለሚጠይቅ በፍተሻ ሊደረስበት ይችል ነበር። ዛሬ ግን አንድ የእጅ ስልክ ይበቃል። በቴሌግራም የተለቀቀ ሙዚቃ ወይም ፊልም በደቂቃዎች ውስጥ አዲስ አበባም ዋሽንግተንም ይደርሳል። የሚያሰራጨው ሰው ብዙ ጊዜ ወጪ የለበትም፤ ትርፍም ላያገኝ ይችላል። የቀድሞው አባዢ ነጋዴ ነበር፤ የዛሬው ግን ተማሪ፣ መምህር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል።

በነጻ የሚያወርዱ ወገኖች የሚያቀርቡት መከራከሪያ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ስርቆት የባለቤቱን እጅ ባዶ ማስቀረት ነው፤ ዘፈን ሲቀዳ ግን ዋናው ከባለቤቱ ጋር ይቀራል ይላሉ። በነጻ ያወረደ ሁሉ ቢከለከል ኖሮ ይገዛ ነበር ማለትም አይቻልም። በዚህ ረገድ የጉዳቱ መጠን አንዳንድ ጊዜ ተጋኖ እንደሚቀርብ መቀበል ተገቢ ነው። ሆኖም የግጥምና ዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪውና የስቱዲዮ ባለሙያው ገንዘባቸውንና ጊዜያቸውን ያፈሰሱት ሥራውን ሸጠው ለመተዳደር ነው። ሥራው በምን ሁኔታና በስንት ዋጋ ለሕዝብ እንደሚደርስ የመወሰን መብት ከእነርሱ ተወስዶ ለማያውቁት ሰው ሲሰጥ፣ የጠፋው ገንዘብ ትንሽ መሆኑ ድርጊቱን ትክክል አያደርገውም።

በአገራችን የደራሲያንና የአርቲስቶች መብት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ቦታ አግኝቶ ነበር። ራሱን የቻለ ዝርዝር ሕግ የወጣው ግን በ1996 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይኸውም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ ሲወጣ መብቱን ሆን ብሎ የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደንግጎ ነበር።

ብዙ ጊዜ የማይነሳው የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 9 ነው። ድንጋጌው አንድ ግለሰብ የታተመን ሥራ ለግል አገልግሎቱ ብቻ በአንድ ቅጂ እንዲያባዛ ይፈቅዳል። ፈቃዱ ግን የሥራውን መደበኛ የገበያ አጠቃቀም በሚጻረር ወይም የባለመብቱን ሕጋዊ ጥቅም ያለ አግባብ በሚጎዳ ሁኔታ አይሠራም። የገዛውን አልበም በስልኩ ለማዳመጥ የቀዳ ሰው በዚህ ድንጋጌ ሊጠለል ይችላል። ያንኑ አልበም በፍላሽ ለሥራ ባልደረቦቹ ያዞረ ወይም በቡድን መልእክት መለዋወጫ ላይ የለቀቀ ሰው ግን “ለግል” እና “አንድ ቅጂ” የሚሉትን ሁለቱንም ቃላት አልፏል። ገንዘብ አለመቀበሉ ይህን አይለውጠውም። ይህ ሁሉ የተፈጸመው በመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተርና በመንግሥት በጀት በሚከፈል የኢንተርኔት መስመር ከሆነ ደግሞ የሕዝብ ንብረት አጠቃቀም ጥያቄም ይጨመርበታል።

ይሁን እንጂ ክልከላ ብቻውን የትም አገር ችግሩን አልፈታም። እ.ኤ.አ. በ1999 ሥራ የጀመረው ናፕስተር በ2001 በፍርድ ቤት ሂደት ተዘጋ፤ ተተኪዎቹ ግን ወዲያው በቀሉ። የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር ከ2003 ጀምሮ ግለሰቦችን በገፍ መክሰስ ሲጀምር ከተከሳሾቹ መካከል የ12 ዓመት ልጅ ተገኘች። የክስ ዘመቻው በ2008 ማብቂያ ቆመ። በአንጻሩ የአፕል ኩባንያ በዚያው በ2003 አንድን ዘፈን በ99 የአሜሪካ ሳንቲም መሸጥ ሲጀምር በመጀመሪያው ሳምንት 1 ሚሊዮን ዘፈኖች ተሽጠዋል። በነጻ ማግኘት የሚችል ሕዝብ ዋጋው ሲመጥንና አከፋፈሉ ሲቀልለት ከፈለ ማለት ነው። እስከ 2014 ድረስ ሲያሽቆለቁል የነበረው የዓለም የተቀዳ ሙዚቃ ገቢ ዳግም ያንሰራራውም በኢንተርኔት በቀጥታ በማዳመጥ አገልግሎት ነው። በ2024 ከተገኘው 29 ነጥብ 6 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 69 በመቶው የመጣው ከዚሁ ዘርፍ ነበር።

የኢትዮጵያ አድማጭ ለረጅም ጊዜ ይህ መንገድ አልነበረውም። የውጭ ሱቆች ዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ ስለሚጠይቁ፣ ብር ይዞ ለመክፈል ፈቃደኛ የሆነ ሰው እንኳ በሕጋዊ መንገድ መግዛት ያዳግተው ነበር። ይህን ሁኔታ ሳያገናዝቡ ሁሉንም በአንድነት ሌባ ማለት ፍትሐዊ አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካና ጆኒ ራጋን ጨምሮ በሙዚቃ ባለሙያዎች የተመሠረተው አውታር መተግበሪያ ዘፈን በስልክ የአየር ሰዓት ሒሳብ እንዲገዛ በማድረግ ክፍተቱን ለመሙላት ሞከረ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌብር ሥራ ጀመረ። “መክፈያ የለም” የሚለው ምክንያት ከዚያ ወዲህ ጉልበቱ ቀንሷል። ለነገሩ በነጻ የሚገኝ ሁሉ ሕገ ወጥ አይደለም፤ ባለመብቱ ራሱ በዩቲዩብ የለቀቀውን ዘፈን ማዳመጥ ማንንም አያስወቅስም። ልዩነቱ ያለው በለቀቀው ሰው ማንነት ላይ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተደረገው ማሻሻያ የባለመብቶች የጋራ አስተዳደር ማኅበራት ተቋቁመው የሮያሊቲ ክፍያ የሚሰበስቡበትን ሥርዓት አስተዋውቋል። ይህ ግን በይበልጥ የሚጠቅመው ሥራዎችን ለንግድ ከሚጠቀሙ ተቋማት ክፍያ ለማግኘት ነው። የፊልሙ ጉዳይ ከዚህም የከበደ ነው። ዘፋኝ ሥራው ቢቀዳበት በመድረክ ዝግጅት ገቢ ሊያገኝ ይችላል፤ የአማርኛ ፊልም አዘጋጅ ግን ወጪውን የሚመልሰው በዋናነት ከሲኒማ ቤት ትኬት ነው። ብዙዎች ፊልማቸው እንዳይባዛ በመስጋት በቪሲዲ ለገበያ ከማቅረብ ይቆጠቡ ነበር። ፊልሙ ገና በሲኒማ ቤት እየታየ ሳለ ተቀርጾ ከተለቀቀ፣ የቀጣዩ ፊልም ካሜራ ኪራይና የተዋናዮች ክፍያ የሚወጣበት ገንዘብ አብሮ ይሄዳል።