መጽሐፍ ለምኔ ለሚል ተማሪ

ወጣት ሆይ! «ኮምፒዩተር ካለ መጽሐፍ ለምኔ?» ስትል እሰማለሁ። እስቲ የደብረ ኤልያስን የቅኔ ተማሪ አስበው። ደበሎ ለብሶ፥ ቁራሽ ለምኖ እየበላ፥ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ ሲሳሳት ይታረማል። ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በዚያ ተምረው፥ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አበረከቱልን።

በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ የተባለው ቴሌቪዥን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ገባ። በመስተዋቱ ውስጥ ያለው መምህር ተማሪው «አልገባኝም» ቢለው አይሰማም፤ ቆሞም አይጠብቅም ነበር። መጽሐፍ ግን ይጠብቃል፤ ገጹን ዐሥር ጊዜ ብትመልሰው አይሰለችህም።

የዛሬው ኮምፒዩተር ደግሞ ይባስ ብሎ መልሱን ራሱ ጽፎ ይሰጥሃል። ታዲያ የተማረው ማን ነው? አንተ ነህን፥ ወይስ መሣሪያው?

ኮምፒዩተርን ጣለው አልልህም፤ ባገርህ የማይገኘውን መጽሐፍ ያመጣልህ ይሆናል። ነገር ግን ጐተራው የጎረቤት ከሆነ እህሉ ያንተ አይደለም። ዛሬ ያነበብኸውን፥ መጽሐፉንም መሣሪያውንም ዘግተህ፥ ነገ ለጓደኛህ ንገረው። መንገር ካቃተህ ገና አልተማርህም፤ መልሰህ አንብብ።